ኖራለች በላቸው

የአባቴን እናት በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እኛ ቤት አማርኛውና ኦሮምኛው ተደበላልቆ ስለሚነገር አያትን «አኮ» ነው የምንለው፤ እሷም ለሰፈሩ ሁሉ አኮ ነበረች። ስሟን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ቢጠራትም ቶሎ አትመልስም። ደግሞ እስኪጠራት ትጠብቃለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣

«የፊተኛው ለእኔ ላይሆን ይችላል» አለችኝ።

ልጅ ስለነበርኩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ እኔም አርጅቼ ከሚሴ፣ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። ቤቱ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም፤ ጠዋት ጠዋት የባጃጁ ጩኸት ነው የሚቀሰቅሰኝ። ትምህርቴ ቁርኣን ቤት የቀራሁትና በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቃቀምኩት ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ መጣልኝ ሳልቸኩል ነው የማስቀምጠው። የአኮን ነገር ደግሞ ቸኩሎ መናገር አይሆንም።

አኮ ሁለት እግሮቿን ገጥማ አታውቅም። ስትቆምም ስትቀመጥም አራርቃ ነው። ስትተኛ በእግሮቿ መሐል ጨርቅ የታጨቀባት ትንሽ ትራስ ታደርጋለች። ትራሷ የጠፋች ቀን የማሽላ አገዳ ጠቅልላም ቢሆን ታስገባለች እንጂ ባዶውን አትተኛም። ነጭ ነጠላ ፊቷ ላይ ከወደቀ እንደ እሳት ከላይዋ ትወረውረዋለች። በደጃችን ጀናዛ ሲያልፍ ደግሞ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እኛ አገር ቀብር አለመውጣት ትልቅ ነውር ነው። ሴቶቹ ያሟት ነበር። እሷ ግን ለቅሶ ቤቱ ምግቡን አብዝታ ትልካለች፤ ራሷ አትሄድም።

እንዴት ወደ እኛ እንደ መጣች የማውቀው ከአባቴ ነው። ጨው አራግፈው እህል ለመጫን ጨፋ ሮቢት ገበያ ያረፉ ግመለኞች ነበሩ። ከጆንያዎቹ አጠገብ አንዲት ልጃገረድ ተቀምጣለች። የወንድ አያቴ እናት ማሽላ ልትሸጥ ሄዳ አየቻት።

«የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ከላይ ከዳገቱ ነው ያገኘናት» አላት ግመለኛው። «ትሠራለች፣ ትበላለች፣ አታወራም። ከእኛ ጋር ቆላ ከምትወርድ አንቺ ብትወስጃት ይሻላታል።»

ወሰደቻት። ልጅቷ ከርማ ስትለምድ ሴትዮዋ ለልጇ ልታጋባት አሰበች። ኒካሕ ሲታሰር ሼሁ፣ «ወሊሽ ማን ነው? አባትሽ አለ?» አሏት።

«አባቴ ቀብሮኛል» አለች።

የተጣላች ልጅ የምትናገረው ነው ብለው አለፉት። ወሊ ስላልተገኘላት ሼሁ ራሳቸው ወሊ ሆነው አሰሩላት። አኮም ከዚያ ወዲያ ጨፋ ላይ ኖረች። ከረግረጉ ሣር እያጨደች ምንጣፍ ትሠራለች፣ ከብት ታልባለች፣ ልጅ ትወልዳለች። ማሽላ ሲያሸት ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ብቻዋን የምትውል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ይፈራሉ። እሷ ግን፣ «አንቺ አትፈሪም እንዴ?» ሲሏት፣ «ምን ቀረኝ ብዬ?» ትላለች።

ጎረምሳ ሆኜ አንድ ቀን ማማው ላይ ምሳ ወሰድኩላት። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሸለቆው ሁሉ ጭጋግ ለብሷል፤ ከማሽላው ራስ በቀር የሚታይ የለም። በልታ እጇን ታጠበችና ወንጭፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣

«ስማ» አለችኝ። «አንድ ቀን ከላይ ሰው ቢመጣና ስለ እኔ ቢጠይቅ፣ ኖራለች በላቸው።»

«ምን ማለት ነው አኮ?»

«ምንም። ኖራለች በላቸው። ሌላው ደግሞ፣ ስሞት እግሬን እንዳያስሩኝ።»

ወንጭፏን አስወንጭፋ ወፎቹን አስነሳች። 

በሞተች ጊዜ ሴቶቹ ሊያጥቧት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሜ፣ «እግሯን እንዳታስሩ፣ አደራ ብላለች» አልኳቸው። አጣቢዋ በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች፤ «ሥርዓት ነው፣ አውራ ጣቶቿ ይታሰራሉ፤ አንተ ውጣ» ብላ ዘጋችብኝ። ስትወጣ ግን ፊቷ ሌላ ሆኗል። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች፣ «እኛ እናስረዋለን፣ ስንመለከተው ተፈትቷል። ተውነው» አለችኝ። ለእኔ ብላ የዋሸችው ይሁን እውነት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ መቃብር ገብቶ ተቀበላት፣ ጨፋ አሳረፍናት። ከላይም የጠየቀ ሰው አልመጣም። ነገሩን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ጋብቻ ነው።

የልጅ ልጄ ከሚሴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እዚሁ ከተማ ጨርቅ የሚነግድ ወጣት ጠየቃት፤ ቤተሰቡ የዳገት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሲፈላለጉ ዓመታት እንዳለፋቸው ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አባቱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። በእኛ በኩል የነገሩ ባለቤት ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ልጅ ሲዳር የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። እኛ የጨፋ ሰዎች ስንጋባ በአባትም በእናትም ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ከሰባት በታች ከተገናኘ አንድ ደም ነው፣ አይሆንም። የዳገቶቹ በዚህ ይስቁብናል። ሃይማኖቱ የአጎት ልጅ እንኳ አልከለከለም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወንድሜ ግን ለዚህ ጆሮ የለውም።

የአባቶቹ ቆጠራ በሰላም አለቀ። አረፍ ሲሉ ውሃ ቀረበላቸው። የልጁ አባት ቀመሰና ሳቅ ብሎ፣

«የከሚሴን ውሃ አልለመድኩትም። የእኛ መንደር ውሃ ከመስጊዱ ግድግዳ ሥር ነው የሚፈልቀው። ክረምት ከበጋ አንድ ነው» አለ።

እኔና ወንድሜ ተያየን። አኮ ሙቀት በጸናበት ቀን ሁሉ ጠጥታ ቅሉን አስቀምጣ፣ «ውሃ ማለት ከመስጊድ ግድግዳ ሥር የሚፈልቀው ነው» ትል ነበር። ስለ መጣችበት አገር ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ወንድሜ እንግዶቹን በክብር ሸኝቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«የአኮ ዘር ሳይታወቅ ልጅ አልድርም። ሂድና አጣራ። ከእነሱ ከሆነች ይህ ጋብቻ የለም።»

«ጋሼ፣ ለምን እኔ?»

«እኔ ከብት አለኝ። አንተ ቁጭ ብለህ ባጃጅ አይደል የምትቆጥረው!»

የልጅ ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ወጥታ፣ «አባባ፣ እኔም እሄዳለሁ። ጉልበትህን ማን ይይዝልሃል?» አለች። ጉልበቴ ሰበብ ነው።

ሚኒባስ እስከሚያደርሰን ድረስ ሄደን የቀረውን በእግር ወጣነው። መንደሩ ድንጋይ በድንጋይ ተደርቦ የተሠራ ነው፤ ቤቶቹ እርስ በእርስ ተጣብቀው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለዋል። ግማሾቹ ጣሪያ የላቸውም፤ ባለቤቶቹ ወደ ከተማ ወርደዋል። ውሻ አይጮህም፣ ዶሮ አይሰማም። ጭጋጉ በጣሪያ አልባዎቹ ቤቶች በር ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል፣ ሰው የሚኖርባቸው ይመስላል።

ውሃው እንደ ተባለው ከመስጊዱ ግድግዳ ሥር ይፈልቃል። አንዲት ትልቅ ሴት ጀሪካን እየሞላች ነበር። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ቀና ስትል ከእኔ አልፋ የልጅ ልጄን አየች። ሰላምታውን ሳትመልስ፣ ጀሪካኑን እንደ ደቀነችው ትታ ሄደች። ውሃው ሞልቶ ይፈስ ጀመር።

«አባባ፣ ምን አደረግኳት?» አለችኝ ልጅቷ።

«ምንም አላደረግሽም።» ጀሪካኑን ከውሃው አነሳሁላት።

የልጁ አባት አስቀድሞ አክስቱ ዘንድ ልኮን ነበር። የአባቱ እህት ናቸው፤ በመንደሩ ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ የለም። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጫታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ የያዙ ሴት ናቸው። እኔን ሲያዩ፣

«አንተ ልጅ፣ ና ግባ!» አሉኝ። ሰባ ካለፈኝ በኋላ ልጅ ያሉኝ ሰው እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጄ ተከትላኝ ስትገባ ግን ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ቢስሚላህ» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴን መሰለችኝ።»

ያቺ የውሃዋ ሴት ለምን እንደሄደች ያን ጊዜ ገባኝ። የእኚህን አሮጊት እናት ታውቃቸዋለች፤ የሞቱ ሰው ፊት ነው የታያት።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከመንደራቸው ጠፍታ የቀረች ልጃገረድ ትኖር እንደሆነ ጠየቅሁ።

«የጠፋች የለችም» አሉ። «የእናቴ እህት ነበረች። እሷም ወረርሽኝ መንደሩን በመታ ጊዜ በልጅነቷ ሞተች። ኑ፣ መቃብሯን ላሳያችሁ።»

ሄድን። መቃብሩ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ብቻውን ነው፤ በራስጌውና በግርጌው ድንጋይ ቆሟል። ቤተሰቡ በየጊዜው እየመጣ ፋቲሃ ይቀራበታል። እኛም እጃችንን ዘርግተን ቀራን። ዱዓው ሲያልቅ የልጅ ልጄ ቀና ብላ፣

«እማማ፣ ይሄ ሾላ ለምን መሐሉ ላይ በቀለ?» አለች።

እውነትም ከመቃብሩ መሐል፣ ደረቱ ከሚሆንበት ላይ፣ ትልቅ ሾላ በቅሏል። ሥሩ የራስጌውን ድንጋይ ገፍቶ አጋድሞታል። አሮጊቷ ዙሪያውን ሰው እንደሌለ አዩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ ናት የነገረችኝ» አሉ። «እኔም ለማንም አልነገርኩም። የወንድሜ ልጅም አያውቅ። ልጅቷ ትንፋሿ ቆመ። አጠቧት፣ የእግሯን አውራ ጣቶች አሰሩ፣ ከፈን አለበሷት። ግቢው ውስጥ ተሰገደባት። ተሸክመው እዚህ አመጧት። መቃብሩ ተቆፍሮ አልቋል። ቃሬዛውን መሬት ሲያስቀምጡት ከውስጥ፣ ‹እግሬን ፍቱልኝ› አለች።»

ነፋስ የለም። የሾላው ቅጠል ግን ተንቀሳቀሰ፣ ወይም መሰለኝ።

«ሰዎቹ ሮጡ። ፈትታ ያወጣቻት እናቷ ናት። አባቷ ግን አልተቀበላትም። ‹ጀናዛ የተሰገደበት ሰው አይመለስም። ልጄን አላህ ወስዷታል፣ የተነሳችው እሷ አይደለችም› አለ። መንደሩም እንደዚያው አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተከፈተ መቃብር ባዶውን አይደፈንም፤ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። እርጥብ የሾላ ግንድ ቆርጠው በከፈኗ ጠቀለሉና ቀበሩት። ይኸው ግንዱ በቀለ።»

«እሷስ?» አልኩ። 

«ከመንደሩ ጫፍ፣ ከፈረሰ ቤት ውስጥ ቆየች። እናቷ ምግብ ግድግዳው ላይ ታስቀምጥላታለች፣ ፊቷን ሳታይ ትመለሳለች። በኋላ ግመለኞች ሲያልፉ አብራ ወረደች። ማን እንደወረደች ግን እኔ አላውቅም። የእናቴ እህት እዚህ ናት።»

«አኮ ናት የወረደችው» አልኩ።

አሮጊቷ አልሰሙኝም። ዓይናቸው የልጅ ልጄ እግር ላይ ነው። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሮቿን አራርቃ፣ ቦርሳዋን መሐላቸው አድርጋ ተቀምጣለች።

«እስኪ እግርሽን ግጠሚው።»

«አይሆንልኝም እማማ» አለች እየሳቀች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ስተኛም ትራስ አደርጋለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሲገጥሙ የታሰርኩ ይመስለኛል።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሴት ልጅ የምትተኛበትን ማን ያያል? አኮ የሞተችው ደግሞ ይህች ልጅ ከመወለዷ ብዙ ቀድሞ ነው። ያየችው የለም፣ የነገራትም የለም። 

አሮጊቷ ተነሱና እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ወርደህ ‹ከእነሱ አይደለችም› በል። አንዲት ቃል ናት። ልጅቷ ታግባ። አለዚያ የእናንተዎቹ በደም ይከለክላሉ፣ የእኛዎቹ የተነሳችዋ ዘር ብለው ይሸሻሉ።»

ስንወርድ የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ ሄደች። ሚኒባሱን ስንጠብቅ፣

«አባባ፣ ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ።

«አንቺስ ምን ልበል ትያለሽ?»

ወደ ጨፋ ሸለቆ አየች። «ማግባት እፈልጋለሁ። እሷን ገድለህ ግን አትዳረኝ።»

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ተመልሰው መጡ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲያበቃ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ፤ ትንፋሿ ሁሉ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በል እንግዲህ። አኮ ከእነዚህ ሰዎች ናት ወይስ አይደለችም?»

አንዲት ቃል ናት ብለውኛል አሮጊቷ። ማማው ትዝ አለኝ፣ ጭጋጉ፣ ወንጭፉ። ከላይ የመጡት ሰዎች ይኸው ፊቴ ተቀምጠዋል። እየጠየቁኝ ነው።

«ኖራለች» አልኩ።

«ማን?» አለ የልጁ አባት።

«የአያትህ እህት። ከቃሬዛው ላይ ተነሳች። ወደ ጨፋ ወርዳ ኖራለች። ምንጣፍ ሠርታለች፣ ከብት አልባለች፣ አባታችንን ወልዳለች።» የማን አፍ እንደነገረኝ ሳላነሳ ስለ ግንዱም ነገርኩት።

ሰውየው ብድግ አለ። «አስተግፊሩላህ! ፋቲሃ የምንቀራው ለእንጨት ነው ልትለኝ? የአያቴ እህት በልጅነቷ ሞታለች። ልጅ የላትም። ሙት ይወልዳል እንዴ?»

ወንድሜ ጣቶቹን ዘርግቶ መቁጠር ጀምሮ ነበር። ቆጠራው ሰባት እንደማይሞላ እኔም አውቄያለሁ። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ። ሰውየው «ሙት» ሲል ግን የወንድሜ ጣቶች ቆሙ። ፊቱ ጠቆረ።

«እኛን ሙት ነው የወለደን?»

«እኔ እናንተን አላልኩም። የእኛዋ ሞታለች ነው ያልኩት።»

«ቃልህ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«በእኛና በእናንተ መሐል ደም የለም ትላለህ?»

«ከየት ይመጣል? የለም።»

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መጋረጃውን አየ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«እንግዲያው ሁላችሁም ስሙ። እኔ አያቴን በእነዚህ እጆቼ መቃብር አውርጃታለሁ፤ ያለችው ጨፋ ነው። የእኔዋ ኖራለች። የእሱዋ ሞታለች ብሏል። ሁለት ሴቶች ናቸው። ቆጠራው ንጹሕ ነው፣ ኒካሑን እሰሩ።»

ዱዓ ተደረገ። እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገቤ መጥቶ ዱላው ላይ ተደገፈ።

«ፊትህን አታጨፍግግ። ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙም።»

«መንገር ነው ያለችህ። አስረዳቸው አላለችህም።»

ደንግጬ አየሁት። «አንተ ይህን በምን አወቅህ?»

«ለእኔም ብላኛለች» አለና ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ሠርጉ አለፈ። የልጅ ልጄ ለጥቂት ቀን ወደ ባሏ መንደር ወጣች፤ እንደዚያ ነው ልማዳቸው። አንድ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አባባ፣ አሮጊቷ አክስት መጥተው በሩን ዘጉት። ከቀሚሳቸው ሥር ትንሽ ትራስ አውጥተው እግሮቼ መሐል አደረጉልኝ። አሮጌ ናት፣ ጨርቅ የታጨቀባት። ‹እናቴ ለእህቷ ሠርታላት ሳትሰጣት የቀረች ናት› አሉኝ።»

«እሺ።»

«አሁን ‹እንዴት ኖረች? ንገሪኝ› እያሉኝ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? ምን ልበላቸው?»

«ስልኩን ስጫቸው።»

ጆሮዬ የሚሰማበት በኩል አደረግሁት። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ይሰማል፣ ከኋላው የሚፈስ ውሃ።

«እማማ» አልኩ።

ዝም። ትንፋሹ አለ፤ መልስ የለም። ባጃጆቹ በደጄ እያለፉ ነበር፤ አንዱም አልተሰማኝም። ደግሜ ጠራሁ።

«እማማ።»

«አቤት» አለች።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ከማማው ላይ ነው የማውቀው፤ የአኮ ነው።

«ኖራለች» አልኳት፤ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ጀምሬም ቀስ እያልኩ ነገርኳት።